ማንም አልዋሸም፦ የአባትዎ ደብተርና የዶላሩ ዋጋ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የደሴ ሰው ናቸው። አባታቸው ካረፉ በኋላ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ተገኝቷል። ከውጭ የመጣ ገንዘብ በአራት መስመር ተጽፎበታል። «ነሐሴ 1966፣ 200 ዶላር»፤ «ለመስቀል 1985፣ 600 ዶላር»፤ «የካቲት 1987፣ 500 ዶላር»፤ «ነሐሴ 2002፣ 3,000 ሪያል»። ሦስቱን የላኩት አሜሪካ ያሉት አጎታቸው ናቸው። ሪያሉን የላከችው ጅዳ የነበረችው እህታቸው ናት። አሁን ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ «እኔ ይህን ያህል አዋጥቻለሁ» የሚል ክርክር ተነስቷል። ጠያቂያችን የሁለተኛውን መስመር ዋጋ ለማወቅ ኢንተርኔት ገብተው በፈረንጅ አቆጣጠር የ1992ን የዶላር ተመን ፈለጉ። አንዱ ቦታ 2.07 ብር ይላል። ሌላው 2.80። ሦስተኛው 5 ብር። «የትኛው ነው የሚዋሸው?» ብለው ጠይቀዋል።

ማንም አልዋሸም። ሦስቱም ልክ ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን ሌላ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

በመጀመሪያ 2.80 የሚለውን እናንሳ፤ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እሱ ነውና። በ2.80 ብር አንድም ዶላር የተመነዘረበት ቀን የለም። እስክሪብቶ ይያዙና ራስዎ ይሥሩት። በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ወር ሙሉ ዶላር 2.07 ነበር። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ 5 ብር ሆነ። ዘጠኝ ጊዜ 2.07፣ 18.63 ነው። ሦስት ጊዜ 5፣ 15 ነው። ድምሩ 33.63። ለ12 ሲካፈል 2.80 ይመጣል። በቃ፣ የዓመቱ አማካይ ነው። የአገርን ገቢና ወጪ ለሚያጠና ሰው ይጠቅማል። ለአባትዎ ደብተር ግን ምንም አይፈይድም፤ አባትዎ ብሩን የተቀበሉት በአንድ ቀን እንጂ በአማካይ አይደለም።

ይህን ስል ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ የድሮ የቤተሰብ ብድር እንዳሰላለት ጠየቀኝ። እኔም ልምድ አለኝ ብዬ የዓመቱን አማካይ አባዝቼ፣ በንጹህ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። በሳምንቱ ወንድሙ የባንክ አድቫይስ፣ ማለትም ገንዘብ መግባቱን ባንክ የሚያስታውቅበትን ወረቀት፣ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ 5.00 ይላል። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም።

ሌላም ቁጥር ሊገጥምዎ ይችላል። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የብሔራዊ ባንክ ሪፖርቶችም በእሱ ነው የሚሄዱት። በዚያ አቆጣጠር የ1985 በጀት ዓመት አማካይ 4.3 ብር አካባቢ ይመጣል። ሦስት ወር በ2.07፣ ዘጠኝ ወር በ5 ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለአንድ ክረምትና በጋ ብቻ አራት ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንግባ።

ነሐሴ 1966፣ 200 ዶላር

መጀመሪያ ዘመኑን ያጣሩ። «ነሐሴ» ብሎ የጻፈ ሰው በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው፤ ስለዚህ በፈረንጅ 1974 ነው። ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ የቀሩት ቀናት ነበሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 2.07 ብር ነው፤ 200 ዶላር 414 ብር። በስህተት በፈረንጅ 1966 ብለው ቢፈልጉ ግን 2.50 ያገኛሉ፤ ድምሩም 500 ብር ይሆናል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ከአድቫይሱ ወይም ከደረሰኙ ጋር የተያያዘ የእንግሊዝኛ ወረቀት ካለ ዓይንዎን ከፍተው ያንብቡት። ያኔ የእኛው ብር በእንግሊዝኛ ስሙ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር። በአማርኛ ሁሌም ብር ነው፤ ኖቱ ላይ ሁለቱም ተጽፎ ይገኛል። «ብር» የሚለው ስም በእንግሊዝኛውም የገባው ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲሱን ኖት ሲያወጣ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈው 200 የኢትዮጵያ ዶላር ከሆነ ገንዘቡ 200 ብር ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ዶላር አይደለም። ከዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ የተመነዘረ የውርስ ሒሳብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ 2.07 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ስለ ብር ከሚነገረው ተረት ግማሹ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። «በጃንሆይ ጊዜ ብር ጠንካራ ስለነበረ ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሩ የገንዘብ ቅልቅል ነበር። ማርትሬዛው አለ፣ የጣሊያን ሊሬ አለ፣ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ወጣ። ዋጋውም በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሽማግሌዎች ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ሲሉ የሚሰሙት ከዚያ የተረፈ ነው። ብሩ በወርቅም ተለክቶ ነበር፤ 5.52 ግሬን ንጹህ ወርቅ (ግሬን ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው)። የአሜሪካ ዶላር ደግሞ አንድ አውንስ ወርቅ በ35 ዶላር በሚለው ዋጋ 13.71 ግሬን ይመጣል። ሲካፈሉ አንድ ዶላር 2.48 ብር ሆነ። በ1964 እ.ኤ.አ. መግቢያ ብሩ በጥቂቱ ተቀንሶ ልኩ 2.50 ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰው ብር አይደለም፤ ዶላር ነው። አሜሪካ በ1971 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወርቁን ዋጋ ከ35 ወደ 38 ዶላር አደረገች። በ1973 ደግሞ ወደ 42.22። ዶላሩ ረከሰ ማለት ነው። የእኛ ብር ባለበት ቆመ። 2.50ን በ35 ያባዙና ለ38 ያካፍሉት፤ 2.30 ይመጣል። ለ42.22 ሲያካፍሉት 2.07 ይመጣል። ሁለቱም በታሪክ የተመዘገቡ ተመኖች ናቸው። ታዋቂው ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም እንግዲህ የብር ጉልበት ያመጣው ሳይሆን የዶላር ድካም ያመጣው ቁጥር ነው። ብሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጎረቤቱ ዝቅ አለ፤ እኛ ግን ከፍ ያልን መሰለን።

ከዚያ ደግሞ ተቸነከረ። ከ1973 እስከ 1992 እ.ኤ.አ.፣ አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ድርቅ መጣ፣ መንግሥት ወደቀ፤ ዶላር ያው 2.07 ነው። በፈረንጅ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዶላር በዓለም ገበያ ሲወደድ ብርም ከእሱ ጋር እንደታሰረ በማርክና በፓውንድ ላይ አብሮ ተወደደ። ቡና ላኪ አገር ገንዘቡ ሳይፈልገው ሲወደድበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ቡናውን በመንግሥት በር በኩል መላክ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ በጓሮ ይወጣል። ጥቁር ገበያው ከባንኩ ዋጋ ሁለት እጥፍ አልፎ ሄደ።

ይህ ለደብተሩ ክርክር ለምን ያስፈልጋል? በዚያ ዘመን ገንዘብ ሁሉ በባንክ አልመጣም። የውጭ ምንዛሪ በእጅ መያዝ ወንጀል ነበር፤ ሰው ግን በሚመጣ ሰው እጅ ይልክ ነበር፤ ሶክስ ውስጥ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ውስጥ። በእጅ የመጣ ዶላር በ2.07 የተመነዘረበት አጋጣሚ ብርቅ ነው። ስለዚህ አጎትዎን ሲጠይቋቸው «ስንት ላክህ?» ብቻ አይበሉ። «በምን ላክኸው?» ይበሉ።

ለመስቀል 1985፣ 600 ዶላር

የክርክሩ ሥር እዚህ ነው። ለውጡ የተደረገው መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ሐሙስ ዕለት።

እኔ ያኔ አንድ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ ጥቁር የተመን ሰሌዳ ነበረን። የፓውንዱ፣ የማርኩ፣ የፍራንኩ ዋጋ በጠመኔ ነበር የሚጻፈው፤ በየጊዜው ይቀያየራላ። የዶላሩ ግን በነጭ የዘይት ቀለም ነበር የተጻፈው። ማን ይቀይረዋል? እኔ ተማሪ ሳለሁም ያው ነበር። ለውጡ ሲመጣ ጨርቅ በውሃ ብናሻሽ አልለቅ አለ። በኋላ አንዱ የሥራ ባልደረባችን ወንበር ላይ ወጥቶ በምላጭ ፋቀው። ለብዙ ወራት ከአዲሱ 5.00 ሥር የአሮጌው ጠባሳ ይታይ ነበር።

በማግሥቱ የመጣች አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ልጇ ጣሊያን ነው። ከሦስት ቀን በፊት ገንዘቧን ወስዳለች፤ አሁን ጎረቤቷ በተመሳሳይ ዶላር ከእጥፍ በላይ መቀበሏን ሰምታ ነው የመጣችው። «የእኔን ማን በላው?» አለችን። ማን ምን ይመልስላታል? ማንም አልበላውም። የተለየው ቀኑ ብቻ ነው።

የእርስዎን እናስላ። 600 ዶላር በ2.07፣ 1,242 ብር ነው። በ5 ብር ደግሞ 3,000 ብር። ልዩነቱ 1,758 ብር፤ በዚያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አባትዎ «ለመስቀል» ብለው ጽፈዋል። መስቀል መስከረም 17 ነው። ገንዘቡ በሰዓቱ ደርሶ ለበዓሉ በግ ተገዝቶበት ከሆነ በአሮጌው ዋጋ ነው የተመነዘረው። 1,242 ብር። ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስላል፤ ግን አያበቃም። «ለመስቀል ብሎ የላከው» እና «ለመስቀል የደረሰው» አንድ አይደሉም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ከአሜሪካ በፖስታ ቼክ ነበር የሚልከው። ቼኩ ባንክ ሲቀርብ ወዲያው አይከፈልም። «ኮሌክሽን» እንለዋለን፤ ቼኩ ወደ ውጭ ይላካል፣ ይጣራል፣ ገንዘቡ ሲገባ ነው ለባለቤቱ የሚከፈለው። ሳምንታት ይወስዳል። ተመኑ ደግሞ ደንበኛው ቼኩን ያስገባበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ነው። ስለዚህ አጎትዎ ለመስቀል ብለው የላኩት ቼክ ጥቅምት ላይ ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ መዘግየቱ ቤተሰቡን ጠቅሞታል። ለበዓሉ ግን በዱቤ ነው የተገዛው ማለት ነው።

መንግሥት ለምን እንዲህ በአንዴ አወረደው? ሽግግር መንግሥቱ ካዝናው ባዶ ሆኖ ነበር የተረከበው፤ ከዓለም ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተያዘው የማሻሻያ ፕሮግራምም ይህን ይጠይቅ ነበር። የሚገርመው የሸቀጥ ዋጋ በዚያው ልክ አልጨመረም። ነጋዴው አስቀድሞ የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ዋጋ ስለነበር ነው። ባንኩ ገበያው ወደቆመበት ተጠጋ እንጂ ገበያውን አልጎተተም።

ስለ ፐርሰንት አንድ ነገር ልበል፤ በየዘገባው ሰው ግራ ሲጋባ አያለሁ። «ብር በ141 በመቶ ወረደ» የሚል ያነባሉ። ሌላው «በ58 በመቶ» ይላል። ሁለቱም ያንኑ 2.07ን እና 5ን ነው የያዙት። ዶላር በብር ሲገዛ በ141 በመቶ ተወደደ። ብር በዶላር ሲለካ ከዋጋው 58 በመቶ ተኩል ገደማ አጣ። አንድ ነገር ከ100 በመቶ በላይ ሊረክስ አይችልም፤ ስለዚህ «በ141 በመቶ ወረደ» የሚለው አነጋገር ራሱ የተሳሳተ ነው። ችግሩ ጋዜጣም ባለሥልጣንም አንዱን ጊዜ በአንዱ፣ ሌላውን ጊዜ በሌላው መንገድ መናገራቸው ነው። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው ቅነሳ «16.7 በመቶ» ተብሎ ተነገረ፤ በብር ወገን ተለክቶ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የተደረገው ከ23.40 ገደማ ወደ 26.90 ገደማ ሲሄድ «15 በመቶ» ተባለ፤ ይህ በዶላር ወገን ነው። በአንድ ሚዛን ቢለኩ የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 15 ነው። ፐርሰንት ሲነገርዎ ይተዉትና ሁለቱን ቁጥሮች ይጠይቁ።

የካቲት 1987፣ 500 ዶላር

ይህኛውን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከግንቦት 1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ዶላር በጨረታ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ጎን ለጎን የመንግሥት ተመን ነበረ፤ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለመሳሰሉት። ሁለቱ የተዋሃዱት በሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ነው። የእርስዎ የካቲት ከውህደቱ በፊት ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተመን ሊያገኙ ይችላሉ። ዋጋው በሁለቱም 6 ብር አካባቢ ነው። 500 ዶላሩን 3,000 ብር ገደማ ብለው ቢይዙት ብዙ አይሳሳቱም። አድቫይሱ ከተገኘ የወረቀቱን ይውሰዱ፤ ክርክር የሚነሳው በጥቂት መቶ ብር ብቻ ነው።

ነሐሴ 2002፣ 3,000 ሪያል

የሳዑዲ ሪያል ታዛዥ ነው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሪያል ታሪክ ለብቻው መፈለግ አያስፈልግዎትም። ሪያሉን ለ3.75 ያካፍሉ፣ የዕለቱን የዶላር ዋጋ ያባዙ፣ አለቀ። 3,000 ሪያል 800 ዶላር ነው። የኤምሬትስ ድርሃም ነገርም ያው ነው፤ እሱ በ3.6725 ነው የታሰረው።

እህትዎ ግን ቀን መርጣ አታውቅም መሰለኝ፤ በዚያ ነሐሴም እንደገና መስመር ተሰምሯል። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ዶላር ከ13.63 ወደ 16.35 ብር ተሻገረ። ከዚያ በፊት የደረሰ ከሆነ 10,900 ብር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ 13,080። የነሐሴ የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ናቸው ጉዳዩን የሚወስኑት። መልካሙ ነገር በዚያን ጊዜ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች በየደቂቃው ይሠሩ ነበር። የተላከበትና የተከፈለበት ቀን ብዙም አይራራቅም። እህትዎ ስልኳ ላይ ወይም ሻንጣዋ ውስጥ ደረሰኙ ሊኖራት ይችላል። ደረሰኙ ላይ የሚያዩት ቁጥር ከላይ ካልኩት ትንሽ ቢያንስ አይደናገጡ። ባንክ ዶላር ሲገዛና ሲሸጥ ዋጋው ይለያያል፤ ለእናንተ የሚሠራው የመግዣው ነው፤ እሱም ዝቅ ያለው ነው። የአገልግሎት ክፍያም አለ።

አሁን ዋናው። የብሩን ድምር ካገኛችሁ በኋላ ምን ልታደርጉበት ነው? ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ። አጎትዎ «ዶላሬን በዛሬው ዋጋ መንዝሩልኝ» ይላሉ። ወንድምዎ ደግሞ «በወረቀቱ ላይ ያለው ብር ነው የሚቆጠረው፤ 414 ብር 414 ብር ነው» ይላል። ይቅርታ ይደረግልኝና ሁለቱም አያስኬድም።

የወንድምዎ ስሌት የእህቱን ድርሻ ከአጎቱ የመጀመሪያ መስመር ከ26 እጥፍ በላይ ያደርገዋል። በ1966 ዓ.ም. የነበረ 414 ብር ግን የዛሬ 414 ብር አይደለም። የአጎትዎም ዶላር ቢሆን ባለበት የቆመ ሚዛን አይደለም። ዶላር ራሱ በእነዚህ ዓመታት ረክሷል። በ1974 እ.ኤ.አ. የነበረ 200 ዶላር አሜሪካ ውስጥ የሚገዛውን ያህል ለመግዛት በ2024 ከስድስት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ ዓመት ዶላር አምጥቼ አየሁት። የአሜሪካን የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ነው የተጠቀምኩት፤ የየዓመቱን አማካይ። ለዚህ ሥራ አማካዩ ይሆናል፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚዘል ነገር አይደለምና። የ1966ቱ 200 ዶላር በ2024 ዶላር 1,270 ገደማ ሆነ። የመስቀሉ 600 ዶላር 1,340 ገደማ። የ1987ቱ 500 ዶላር 1,030 ገደማ። የእህትዎ 800 ዶላር 1,150 ገደማ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ይዩ። ወረቀት ላይ 200፣ 600፣ 500፣ 800 የሚመስሉት ሲለኩ አራቱም ከሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላሉ። ትንሹ የሚመስለው 200 ዶላር ከእህትዎ ይበልጣል። አጎትዎ ያኔ ተማሪ ነበሩ ብለዋል። ያን ገንዘብ ከየት አምጥተው እንደላኩት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ይህ የላኪው ጎን ሚዛን ነው፤ «ላኪው ስንት ከኪሱ አወጣ» የሚለውን ይመልሳል። የተቀባዩ ጎን ሌላ ነው፤ «ቤቱ ላይ ምን ሠራ» የሚለው። ለእሱ ደግሞ ምንዛሪ ሳይሆን የደሴ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ነው የሚፈለገው፤ አባትዎ ያንንም ጽፈው ከሆነ ከማንኛውም ተመን ይበልጣል። የትኛውን ሚዛን እንደምትይዙ ቤተሰቡ ይወስን፤ እዚያ ውስጥ ባለሙያ አይገባም። ብቻ አንዱን መስመር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ሚዛን አትለኩ።

የዛሬውን ዋጋ በብር ለማስቀመጥ ስትፈልጉ ደግሞ የባንኩን ስምና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተመኑን ባንኮች ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዶላር 57 ብር ከምናምን ነበር። በዚያው ዕለት የንግድ ባንክ መግዣ 74.73 ገባ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባደረገው ልዩ ጨረታ አማካዩ 107.9 ሆነ። ዘጠኝ ቀን ነው በመሃል ያለው። «ዶላር ስንት ገባ?» ሲባል «የት ባንክ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ያን ጊዜ ነው የተጀመረው።

የቀረው የመስቀሉ መስመር ነው፤ እሱን ከእኔ ይልቅ የአባትዎ ቁም ሳጥን ይመልሰዋል። የባንክ ቁጠባ ደብተራቸውን ይፈልጉ፤ ጥቁሩን ሳይሆን ባንክ የሰጣቸውን። የ1985ን መስከረምና ጥቅምት ገጽ ይግለጡ። የገቢው ዓምድ ላይ 1,200 ብር አካባቢ ካዩ ገንዘቡ ለበዓሉ ደርሷል። ከ3,000 ጥቂት የጎደለ ቁጥር ካዩ ግን ቼኩ መንገድ ላይ ቆይቷል፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀንም ከመስከረም 21 ወዲህ መሆን አለበት።